ስድስቱ የታሸጉ መስኮቶች

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። አናጢ ነው። ሜትሩ ከኮቱ ኪስ አይጠፋም። እንግድነት በሄደበት ቤት በሩ ተንጋዶ ካየ ምግቡ አይወርድለትም። እህቴን ለማግባት አባታችን ፊት በቀረበበት ዕለት እንኳ፣ አባቴ ስለ ኑሮው ሲጠይቀው እሱ የቤታችን ቁም ሣጥን አንድ እግሩ እንዳጠረ ነገረው። አባቴ ስቆ ልጁን ፈቀደለት። ቁም ሣጥኑም በማግሥቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እኔን ደግሞ «ሬዲዮ» ይለኛል፤ አፌ አያርፍምና። እውነቱን ነው፣ አያርፍም። እሱ ስለ ራሱ ከሚያወራ ስለ እንጨት ቢያወራ ይመርጣል። ስለዚህ የዚያን ዓመት ነገር የሚናገርለት ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ታላቅ እህቴን እትዬ ነው የምላት። እትዬ ሳንባዋ ደካማ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆም ትልና ዕቃ የረሳ ሰው መስላ ወደ ኋላዋ ታያለች። የረሳችው ነገር የለም፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው። ወረርሽኙ ሳንባ ላይ እንደሚበረታ የተነገረ ዕለት ጋሼ ፍራሹን ጠቅልሎ ከቤቱ ጓሮ ወዳለው የሥራ ክፍሉ ገባ። የእሱ ሥራ ከሰው ያገናኛል፤ እሷን ደግሞ ማንም እንዳይጠጋት ፈለገ፣ ራሱንም ጨምሮ።

ከዚያ ጠረጴዛ ሠራ። ያን ጠረጴዛ አይቶ ያልሳቀ የለም። ወርዱ ሁለት ስንዝር፣ ርዝመቱ ድፍን ሁለት ሜትር፣ ግማሹ ሳሎን ግማሹ በረንዳ ሆኖ በሩ መሃል ላይ የተጋደመ። እትዬ ከውስጥ ጫፍ፣ ጋሼ ከውጭ ጫፍ ተቀምጠው አራት ወር ሙሉ እዚያ ላይ በሉ። ጨው ሲፈልግ በረጅም ጣውላ ገፋ ታደርግለታለች። «ሠላሳ አራት ዓመት ጎን ለጎን በልተን፣ በስተርጅና ድንበር ከለለብኝ» እያለች ለመጣው ሁሉ ታወራለች። ግን ጠረጴዛውን በቀን ሦስቴ ትወለውለዋለች።

እትዬ ሠላሳ ዓመት ዘማሪ ናት። በመዘምራን ቡድናችን የፊተኛው ረድፍ ግራ ጫፍ የእሷ ነው፣ ቀጥሎ ያለው የእኔ። ድምፅዋ ትልቅ አይደለም። ግን እሷ ያልመጣች እሁድ ሁላችንም መንገድ እንስታለን፤ እኔማ ራሴን ትቼ እሷን እየሰማሁ ነው የምዘምረው። ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘጋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በቀልድ አሳለፈቻቸው። በሦስተኛው ወር ዕቃ ስታጥብ ማንጎራጎሯን ተወች። ይህን ከእኔ ቀድሞ ያስተዋለው ጋሼ ነው። «ሬዲዮ፣ እህትሽ ድምፅዋ ጠፋ» አለኝ አንድ ቀን፣ ዓይኑን ከመጋዙ ሳያነሳ።

በአምስተኛው ወር መግቢያ ላይ የአምልኮ ቦታዎች በጥንቃቄ እንዲከፈቱ ተፈቀደ። የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ አምስት ሰው ነው፤ እኔ ጸሐፊ፣ ጋሼ የንብረት ኃላፊ። ግቢው ውስጥ ወንበሮቻችንን አራርቀን ተቀመጥንና መጋቢው መመሪያውን አነበበልን። ሰው ከሰው ሁለት ሜትር ይራራቅ። ሁሉም ማስክ ያድርግ። መጨባበጥ የለም፣ አገልግሎቱ ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ውስጥ መዘመር አይፈቀድም። እዚህ ላይ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ፣ እኔ ብቻ የምዘምር ይመስል። ቀጥሎ «በሮችና መስኮቶች በሙሉ ይከፈቱ» የሚለው ተነበበ። ያኔ ደግሞ እኔ ዞሬ ጋሼን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳራሻችን አሥራ ሁለት መስኮት አለው፤ ስድስቱ በቀኝ ወደ ግቢያችን፣ ስድስቱ በግራ ወደ ጎረቤት ግቢ ያያሉ። ጎረቤቷ ነርስ ናት፣ ሌሊት ሌሊት የምትሠራ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ እሁድ ጠዋት፣ መዝሙሩ በደመቀበት ሰዓት ፀጉሯ እንደተንጨባረረ መጥታ በራችን ላይ ቆመች። ሁለት ሌሊት በእግሯ ቆማ እንዳደረች፣ እንቅልፍ እንደናፈቃት ተናገረችና አለቀሰች። የምንገባበት ጠፋን። የያኔው ኮሚቴ እንነጋገርበታለን አለ። ጋሼ ንግግር አልጠበቀም። ሰኞ ጠዋት መዶሻ፣ ኮላ፣ ስቱኮና አንድ ጣሳ ረጃጅም ምስማር ይዞ መጣ። ጣሳውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ መስኮት ስምንት ስምንት ምስማር መታበት፣ ክፍተቱን በስቱኮ ደፈነው፣ ቀለም ቀባው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ሄድ ብሎ አየውና «ይሄን ደማሚትም አይከፍተው» አለ። ያን ያህል ሲኮራ አይቼው አላውቅም።

እውነትም ሥራው ሥራ ነበር። ብርሃን በመስታወቱ ስለሚገባ ከዓመት በኋላ እኛም ረሳነው። መጋቢው ከመጣ አራት ዓመቱ ነው፣ የኮሚቴው ሌሎች ሰዎችም አዲሶች ናቸው፤ የሚያውቅ የለም። ለነርሷም የነገራት ሰው አልነበረም። ተመልሳ አልመጣችም፣ እኛም እሱን እንደ ምስጋና ቆጠርነው።

እንግዲህ በዚያ ስብሰባ ላይ ጋሼ እነዚያ መስኮቶች እንደማይከፈቱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ዝም አለ። መቀመጫውን የማራራቁ ሥራ ለእሱ ተሰጠው፤ አመስግኖ ተቀበለና ሜትሩን ይዞ ገባ።

አራት ቀን ለካ። አግዳሚ ወንበሮቹን ድሮ የሠራቸው እሱ ነው፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር ናቸው። ስምንት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ላይ አሁን ሁለት ሰው፣ አንዱ በዚህ ጫፍ ሌላው በዚያ። ከፊትና ከኋላ ደግሞ አንድ አንድ ወንበር ባዶ። በጠመኔ ምልክት ማድረግ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ትንንሽ ጣውላ ቆርጦ፣ ልጎ፣ በእያንዳንዱ ላይ «እዚህ» ብሎ ቀርጾ መቀመጫው ላይ ሰካ። አርባ ስድስት «እዚህ» ወጣ። «የሠርግ ዕቃ ነው እንዴ የምትሠራው?» አልኩት። እሱ የአንዷን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነበር።

እኔ ደግሞ ለወረዳው ተሞልቶ የሚመለስ፣ መርማሪዎችም መጥተው የሚያረጋግጡት የፈቃድ ቅጽ በእጄ አለ። «መስኮቶች ይከፈታሉ?» ይላል አንዱ ጥያቄ። ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅሁት። «አሥራ ሁለት መስኮት አለ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ቆሽቴ አረረ። ይሄ ሰው የአንድ ሳጥን መገጣጠሚያ በፀጉር ያህል ቢስት ለባለቤቱ ሄዶ የሚናገር ነው፤ ምን ነካው? በሥራው ኮርቶ ነው አልኩ፣ ደማሚት የማይከፍተውን መክፈት አፍሮ ነው አልኩ። ኮሚቴው ፊት ላወጣው አስቤ ደግሞ አንጀቴ አልቆረጠም። ቦታውን ባዶ ተውኩትና ነገሩን በሆዴ ይዤ ዋልኩ።

ቤታቸው ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነበር። እትዬ የመዘምራን ልብሷን አውጥታ ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። ጋሼ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኖ እንደማትሄድ ነገራት።

«የታመመው ሳንባዬ ነው እንጂ እግሬ አይደለም» አለችው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደ ሾርባቸው ዞሩ። በረንዳው ላይ ሆኜ እያየኋቸው ነበር። ሁለት ሜትሩ ያን ዕለት አሥር ሆነብኝ።

ሐሙስ ዕለት መጋቢው ለማናችንም ሳይነግር ነርሷን ጋበዛት። የጤና ባለሙያ አጠገባችን እያለ ለምን በግምት እንሠራለን ብሎ ነው። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ መጣች፤ ፊቷ ላይ የማስኩ ማሰሪያ ሰንበር ሠርቷል። አዳራሹን ዞራ አየች። «እዚህ» የሚሉትን ጣውላዎች አይታ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሆስፒታላቸውም እንደሌለ ተናገረች። ጋሼ በደስታ እጁን የሚያስቀምጥበት ጠፋው።

ከዚያ ከኪሷ ቀጭን ክር አወጣች። የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አስራ በቀኝ በኩል ከፍ አደረገችው፤ ክሩ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ወደ ግራ ይዛው ሄደች። ክሩ እንደ አናጢ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ።

«እዚህ ጋ አየሩ ቆሟል» አለች። «ርቀቱን ጥሩ ለክታችኋል፣ ግን የቆመ አየር ውስጥ ሁለት ሜትር ብቻውን አያድንም። እነዚህን መስኮቶች ክፈቷቸው።»

መጋቢው አንዱን ገፋ። አልተነቃነቀም። ሁለተኛውን ገፋ። ቀለሙ ይዞት ይሆናል ብሎ በትከሻው ሲሞክር ጋሼ ቆቡን አወለቀ።

«ቀለሙ አይደለም። እኔ ነኝ የቸነከርኳቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሲስተር፣ እርስዎ መጥተው ያለቀሱ ጊዜ።»

ነርሷ መጥረጊያውን እንደያዘች ቆመች። ከማስኩ በላይ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው።

«እኔ እኮ ድምፃችሁን የቀነሳችሁልኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወራ ኖርኩ። ጎረቤቶቼ ለእኔ ብለው ቀስ ብለው ነው የሚዘምሩት እያልኩ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አንድም እሁድ ድምፃችንን ቀንሰን አናውቅም። እንዲያውም መስኮቱ ከታሸገ ወዲህ ማን ይሰማናል ብለን ጨምረናል። ይህን ግን አፌ እንኳ ደፍሮ አልተናገረውም።

ጋሼ አንድ ነገር ጠየቃት። ሳንባዋ የደከመ ሰው፣ መስኮቱ ሁሉ ቢከፈት ልትገባ ትችል እንደሆነ። ማን ናት ስትለው ባለቤቴ አላት። ነርሷ ትንሽ አሰበችና በቀስታ መለሰችለት።

«ልዋሽዎት አልችልም፣ አባቴ። ለጊዜው ውስጥ ባትገባ ይሻላል። ውጭ፣ ነፋሻ ላይ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።» ይህን ብላ ልትተኛ ሄደች።

አርብ ጠዋት መስኮቶቹን ለመክፈት እኔና ጋሼ ብቻ ገባን። ጣሳውን ዳግመኛ ያዝኩለት፣ አሁን ለሚነቀለው ምስማር። ነርሷ ከወዲያ በኩል ተኝታ ስለነበር የመዶሻውን ራስ በጨርቅ ጠቀለለው፤ መሮውንም እየለመነ እንጂ እየመታ አይመስልም። ምስማሮቹ ዝገዋል። ኮላው እንጨቱን ይዞ አልለቅም አለ፣ ክፈፎቹ ተሰነጠቁ። በሕይወቱ እንጨት ሰብሮ የማያውቀው ሰው የገዛ ሥራውን ሲሰብር ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። አሳዘነኝ፣ ግን ንዴቴም አልወጣልኝም። ሦስተኛው መስኮት ላይ ስንደርስ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። ከኩራት ነው ወይ አልኩት።

ጉጠቱን አስቀመጠ።

«መስኮቱ እንደታሸገ ከቀረ መርማሪዎቹ ሲመጡ ፈቃዱን ይከለክሉናል አልኩ። ከተከለከልን እሷ ቤቷ ትቀመጣለች» አለ። «እንድትሞትብኝ አልፈልግም፣ ሬዲዮ። ቤት ተቀምጣም ግን እየሞተችብኝ ነው።»

መርማሪዎቹ ሳይመጡ ቤተ ክርስቲያኗ ብትከፈት ኖሮ የሌሎቹ አርባ ስድስት ሰዎች ሳንባስ ምን ሊሆን ነበር አልኩት። መጠየቄ ደግ አልነበረም፣ ግን ጠየቅሁት።

«ሌሊት ሌሊት እሱን ሳስብ ነው የማድረው» አለ። «ትናንት ባትመጣም ዛሬ እናገር ነበር። እናገር ነበር መሰለኝ።»

ጣሳውን ከእግሩ አጠገብ ጠጋ አደረግሁለትና ሥራችንን ቀጠልን።

ስድስተኛው መስኮት ከነክፈፉ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቀዳዳ ሆነ፣ ነፋሱም ገባ። ጋሼ አንገቱን አውጥቶ አየ። የነርሷ ግቢ ትንሽ ነው፤ የልብስ ገመድ፣ አንድ የውሃ በርሜል፣ ግድግዳው ሥር አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ገመዱ ላይ የሥራ ልብሷ ተሰጥቷል። ሜትሩን እንደ ልማዱ ከኪሱ አወጣና ከመስኮቱ እስከ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ እስከ ግድግዳው በዓይኑም በሜትሩም ለካ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ፤ የፊቱ መጨማደድ ተፈትቷል። «ሬዲዮ፣ ይሄ ውጭ ነው» አለኝ።

ሄጄ በሯን ላንኳኳ ስል እጄን ያዘኝ፤ ሰው እንቅልፍ ላይ ነው። እስክትነቃ እዚያው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ከራሱ «እዚህ» አጠገብ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ልብሷን ልትሰበስብ ስትወጣ ግድግዳው ላይ በተከፈተው ቀዳዳ አናገራት። እሁድ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ ግቢዋ ውስጥ አንድ ወንበር እንድትፈቅድለት ለመናት።

«እሁድ ጠዋት ከሥራ መጥቼ የምተኛበት ሰዓት እንደሆነ ያውቃሉ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

እሷ የልብሱን እጅጌ አጠፈች፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው። «ትዘምራለች?»

ጋሼ መዋሸት ይችል ነበር። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር።

«ከከለከሏት ትተዋለች» አለ። «ካልከለከሏት ግን ትዘምራለች። ሌላ ቦታ ትንፋሽ ያጥራታል፣ መዝሙር ላይ ነው የሚበቃት።»

ነርሷ ልብሷን ክንዷ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ አመራች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ወንበሯን ይዛ ትምጣ፤ የእኔ አንድ ብቻ ነው።»

ቅዳሜ ቅጹን «ይከፈታሉ» ብዬ ሞላሁ፣ ፈቃዱም ተሰጠን። እሁድ አርባ ስድስታችንም ቦታ ቦታችንን ያዝን። አራት ወር ሙሉ የናፈቅኋቸው ፊቶች ግማሽ ግማሽ ናቸው፤ ሰላምታው በዓይንና በግንባር ነው። መዘምራኑ በየ«እዚህ»አችን ተበትነን አፋችንን ይዘን ተቀምጠናል። ለእኔ ይህ ከጾም ይከብዳል። ጋሼ መቀመጫ ተመድቦለት ሳለ ስድስተኛው መስኮት ጋ ቆመ። ከወዲያ በኩል እትዬ የተተኮሰ ልብሷን ለብሳ ከቤት ባመጣችው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነርሷ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ ማስኳንም ሳታወልቅ ወጥታ በራሷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሁለቱ ወንበሮች መሃል መሬቱ ላይ የጠመኔ መስመር አለ። ጋሼ ሁለት ሜትር ብሎ ያራራቃቸው ወንበሮች ርቀት ሁለት ተኩል እንደሆነ በኋላ ለክቼ አረጋግጫለሁ።

መጋቢው መዝሙሩን እንደማንዘምረው፣ ቃሉን ግን እንደሚያነብልን ነገረን። ሁለት ስንኝ እንዳነበበ ከውጭ የእትዬ ድምፅ ገባ።

ቀጭን ነበር። በወራት ዝምታ ዝጎ ነበር። ስንኙ መሃል ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ልክ ደረጃው ላይ እንደምትቆመው ቆም ትላለች፤ እኛም አብረናት እንቆማለን። ከዚያ ካቆመችበት ታነሳዋለች። መጋቢው ማንበቡን ትቶ መጽሐፉን ዘጋ። የእኔ ማስክ በእንባ ርሶ አፍንጫዬ ላይ ተለጠፈ፣ አውልቄ ልጠርገው ብል ደግሞ መመሪያውን የምናስከብረው እኛው ኮሚቴዎቹ ነን።

ጋሼን አየሁት። እሱ የሚያየው እትዬን ሳይሆን ነርሷን ነው። በአንገቱ ጠቀሰኝና እኔም ቀና ብዬ አየሁ። ነርሷ ጫማዋን አውልቃለች። ራሷ ግድግዳው ላይ ዘንበል ብሏል፣ እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተዋል። መዝሙሩ ሁለት ተኩል ሜትር ርቀት ላይ እየተዘመረ፣ እሷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

እትዬም አየቻት። ዓይኗን ከነርሷ ላይ ሳትነቅል ድምፅዋን ቀነሰች። ቀጥላ ደግሞ ቀነሰችው። የመጨረሻውን ስንኝ የሰማነው ሁላችንም ወደ ግራ መስኮቶቹ ዘንበል ብለን ነው። መጋቢው ቡራኬውን በሹክሹክታ ሰጠ። አርባ ስድስታችንም ጫማችን እንዳይቀሰቅሳት በእግር ጣታችን እየረገጥን ወጣን።